የጥጉ ቤት ሁለት መርዶዎች

ማስታወቂያው በተቀየረ ቁጥር አዲስ ስም ማጥናት የሰለቸው ሐበሻ ቤቱን «ጥጉ» ብሎ ተገላገለ። ቬጋስ ውስጥ፣ ከአርትስ ዲስትሪክት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ላውንድሪ ቤትና አንድ ጥፍር ቤት ያሉበት አሮጌ ፕላዛ አለ፤ ጥጉ የመጨረሻው በር ነው፣ ፓርኪንጉ የሚያልቅበት። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ፒዛ ይጋግሩበት ነበር ይባላል። ቀጥሎ ታይላንዳውያን ባልና ሚስት ኑድል ሸጡበት። ከእነሱ ጋሼ ተረከቡት፣ ከጋሼ እኔ፣ ከእኔ ደግሞ አንዲት ዘማሪ ልጅ። ከበሩ በላይ ያለው የማስታወቂያ ሳጥን ግን ያው ነው። የአንዱ ስም ይላጣል፣ የሌላው ይለጠፋል።

ባለቤት ሁሉ ሲለቅ የራሱን ይዞ ይሄዳል፤ የፒዛው ምድጃ ግን የትም አይሄድም። ጣሊያኑ ግድግዳ አስፈርሰው አስገቡት፣ ግድግዳውንም መልሰው አስገነቡበት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በሩን ለካ፣ ምድጃውን ለካ፣ ተራገመና ተወው። ታይላንዳውያኑ የኑድል ካርቶን ደረደሩበት። ጋሼ ሽሮና በርበሬ አስቀመጡበት። እኔ ድስቶቼን ከተትኩበት። የጓሮው በርም የራሱ ጠባይ አለው፤ እጀታውን ወደ ላይ አንስተው በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ይህን ሁሉ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ላይ የሚጽፈው የለም፤ የሚለቀው ባለቤት ለሚገባው እያሳየ ነው የሚተላለፈው።

ጋሼ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ካዚኖ ኪችን ውስጥ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ጥጉን ያዙ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መስኮቱ ሥር ይቀመጡና አዲስ አበባ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን ስፒከር ላይ አድርገው ያወራሉ። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ሲሰዳደቡ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። «ጋሼ፣ ሰዉ ለምግቡ የሚመጣ መስሎዎታል?» እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። ሁለት ሺህ ሃያ ላይ ኮቪድ ከተማውን ሲዘጋው ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡ። በጋው እስኪጋመስ ታገሉ፣ ከዚያ «ጉልበቴም ልቤም እምቢ አለኝ» አሉ።

እኔ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። ሆቴሉ ቤታችሁ ቆዩ ካለን ወራት ሆኖታል። ጋሼ «ውሰጂው» ሲሉኝ ፈራሁና እናቴ ጋ ደወልኩ። «ለሰው አልጋ ስታነጥፊ ከምትኖሪ ለሰው ገበታ ዘርጊ» አለችኝ። በቃ፣ ወሰድኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳወራ እስካሁን ደሜ ይፈላል፤ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ታገሡኝ።

ምግብ ቤት መክፈት ሰውን ምን እንደሚያደርገው የከፈተ ያውቀዋል። ቀለም ስቀባ፣ የጭስ ማውጫውን ስፈትግ፣ ኢንስፔክተር ስጠብቅ ለእናቴ የምደውለው እየሳሳ ሄደ። ስደውልም ወንድሜ ያነሳል። «ተኝታለች» ይለኛል። ደግሞ ስደውል «ጉሮሮዋን አሟታል፣ ሐኪሙ ብዙ አታውሪ ብሏታል» ይለኛል። ሌላ ቀን ኔትወርክ የለም። እኛ ጋ ቀን ሲሆን እነሱ ጋ ሌሊት ነው፣ አመንኩ። ሥራ ስለበዛብኝም ማመኑ ቀለለኝ።

ኋላ ላይ እውነት የሆነው «አሟታል» ያለው ብቻ ነው። ኮቪዱ ይዟት ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ቬጋስ ያለው ሐበሻ ግማሹ ያውቃል፤ ሲጸለይላት የነበረው እኔ ሳላውቅ ነው፣ ፍትሐትም የተደረገላት እኔ ሳላውቅ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉት የለ? ባዳዋ እኔ ነበርኩ።

የአክስቴ ልጅ ኪችን ውስጥ አብራኝ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ «ስፔስ እየበላብሽ ነው» ብላ ፌስቡኬን ደመሰሰችው። ሽንኩርት ካልከተፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ትል ጀመር፤ ለካ ያለ ጥያቄ የምታለቅስበት ቦታ ፈልጋ ነው። ጋሼ በየቀኑ ብቅ ይሉና «ምሳ በልተሻል?» ይሉኛል። ሰላምታ የማንለዋወጥ ሰዎች ሳይቀሩ ብሩሽ ይዘው ቀለም ሊቀቡልኝ መጡ። እኔ ሞኟ ደግሞ ለሁሉም «ኮቪድ ሐበሻን አፋቀረው» እያልኩ እሰብካለሁ።

ማስታወቂያው የበራበትን ምሽት መቼም አልረሳው። በእናቴ የቁልምጫ ስም ነበር ያስጻፍኩት። ሠራተኛው መሰላሉ ላይ ሆኖ «ሬዲ?» አለና አበራው። ስሟ ፓርኪንጉ ላይ ቀይ ሆኖ ሲበራ ማስኬን አውልቄ እስክስታ ወረድኩ። የጥፍር ቤቷ ሴቶች ወጥተው አጨበጨቡልኝ። የአክስቴ ልጅ ትቀርጸኛለች፤ እንባዋ በማስኳ ላይ ይወርዳል። የደስታ ነው አልኩ። ቪዲዮውን ለወንድሜ ልኬ «ለእማዬ አሳይልኝ» አልኩት። ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ። «አሳየኋት። በጣም ደስ አላት። መረቀችሽ።»

ቅዳሜ ከፈትኩ። በኮቪዱ ሕግ ግማሹ ጠረጴዛ በፕላስቲክ ታጥሯል፣ ሰዉ ውጭ ተሰልፏል። ሣቅሁ፣ ዞርኩ፣ አስተናገድኩ። ጋሼ ወጥ አስጨመሩኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ጋሼ ማስክ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሌሎች፣ ተራርቀው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ የአክስቴ ልጅ ታች ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ሐበሻ በዚያ ሰዓት በዚያ አለባበስ ደጃፍ ላይ ከቆመ የሚናገረው ቃል አያስፈልግም። በሩን ሳልከፍት ጮኽኩ።

ልቅሶዬ ጋብ ሲል «መቼ?» አልኩ። ቀኑን ነገሩኝ። ቀኑን ስሰማ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ያን ቀን እኔ ምን እያደረግሁ ነበር ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እስክስታ የወረድኩት እናቴ በተቀበረች ማግሥት ነው። ወንድሜ «አሳየኋት፣ ደስ አላት» ብሎ የጻፈልኝ ድንኳን ውስጥ፣ ልቅሶ ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ ስጨፍር ድንኳኑ ውስጥ ማን ማን እንዳየኝ እስካሁን አልጠየቅሁትም። መልሱን እፈራዋለሁ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ወጥ ሲያስጨምሩኝ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር ልጄ» አሉ። «ቤቷን ትክፈት፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባብለን ነው። ሐዘን ላይ ሌላ ውድቀት እንዳይደረብብሽ። ቤተሰብሽም ይህን ለመኑን። በወጉ ነው ያረዳንሽ።»

«ወጉ ለማነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ለእኔ ነው ለእናንተ?»

ሐዘን ነው የሚያናግራት ብለው አንገታቸውን ደፉ። ይህ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ፤ የእውነት ተናድጄ እንኳ የሐዘንተኛ ወግ አደረጉብኝ።

ክረምቱን እንደምንም ሠራሁ። ሰዉ «ኮቪድ ነው የጣላት» ይላል፤ ኮቪድስ አልጣለኝም፣ ምግቡ እየታሸገ በሹፌር ይወጣ ነበር። ያቃተኝ ሌላ ነው። ፓርኪንጉ ላይ መኪና ፓርክ ባደረግሁ ቁጥር ስጨፍር ራሴ ይታየኛል። ማስታወቂያውን ሳበራ እጄ እምቢ ይለኛል። ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ቤቱን በእናቴ ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ጥጉ ጋ እንገናኝ» ነው የሚባለው። ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ላይ፣ ሙቀቱ ሲጀማምር፣ የሚረከበኝ ሰው ፈለግሁ።

የተረከበችኝ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምታንስ ሴት ናት። ሰመርሊን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሰው ልጆች ስትጠብቅ ኖራ፣ በአማርኛ የሚሰበክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዘምራለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድግስ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚሠራው። ስትሠራም ትዘምራለች፣ ስትናደድም ትዘምራለች። እኔ በጸጥታ የምሠራ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን «አንቺ ልጅ፣ ጌታሽ አይደነቁርም እኮ» ብያታለሁ። ሣቀች እንጂ አልተቀየመችኝም። ሊዙ ከዞረ በኋላ መሄድ ነበረብኝ፣ ግን እየረዳኋት እዚያው ቀረሁ። ምድጃውን አሳየኋት፣ ለክታ ተራገመችው። የጓሮውን በር በትከሻ አስገፋኋት።

ሐዋሳ ያሉት አባቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በየቀኑ በድምፅ መልእክት ይልኩላታል፣ እሷም ኪችን ውስጥ ጮክ አድርጋ ታስደምጠኛለች። ሰውዬው ወጥ ሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ምክር ግን አያልቅባቸውም። «ልጄ፣ ሽንኩርቱን አታጣድፊው» ይላሉ። «ደንበኛ ሲቆጣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ክፍል ውስጥ የሠራልኝ እሱ ነው» ይላሉ። ሳላያቸው ለመድኳቸው። አንዳንዴ ዘግየት ሲሉ እኔ ነኝ «አባትሽ ዛሬ ምን አሉ?» የምለው።

መክፈቻዋ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሐሙስ ምሽት ላይ ኪችን ውስጥ ነበርን። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ድስት አጥባለሁ። ቀን ላይ ኪችኑን እየዞረች በቪዲዮ ቀርጻ ለአባቷ ልካላቸዋለች፤ አሁን ስልኳን ምድጃው ላይ አስደግፋ በየደቂቃው ታያለች። «ገና አልከፈተውም፣ ሲነጋላቸው ያየዋል» አለችኝ። የእኔ ስልክ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሐበሻ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። በፊት ለፊቱ በር ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። አስፋልቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት እየተፋ ነው።

«የልጅቷ አባት ሌሊት ዐርፈዋል» አሉኝ። «ልባቸው ነው፣ በተኙበት። ወንድሟ አሁን ከሐዋሳ ደውሎልኝ ነበር። ከፓስተሯም ጋር ተነጋግረናል። እሁድ ጎህ ሲቀድ በወጉ እናረዳታለን። አንቺ አብረሻት ስለምትውዪ ነው የምነግርሽ፤ ፊትሽን አስተካክዪ። ፌስቡክ እንዳታይ አንድ ነገር አድርጊ።»

በመስታወቱ ውስጥ ትታየኛለች። ቢላዋውን እንደያዘች ቀና ብላ በከንፈሯ «ማነው?» አለችኝ። በእጄ «ቆይ» አልኳት።

«እሁድ ለምን?» አልኩ። «ቀብራቸውስ?»

«ዛሬ ነው፣ በእነሱ አርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እንኳን ደርሳ ልትቀብር፣ ትኬት የት ይገኛል? ቅዳሜን ትክፈት። ይህቺን ቤት ስታልም ስንት ዘመኗ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔን ያደረጋችሁኝን ልታደርጓት ነው።»

ከዚህ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ተናገሩ። «ስሚኝ። እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት ሱዳን ነው፣ ዳቦ ተሰልፌ። የነገረኝን ሰው አላውቀውም፤ ያገሬ ሰው መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ነግሮኝ ተራው ደረሰና ዳቦውን ይዞ ሄደ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። መሬት ላይ ወድቄ ሰዉ በላዬ እየተሻገረ ሄደ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ክንድ ይዞ፣ ውሃ አዘጋጅቶ ነው። እሺ በይኝ።»

ምን ልበላቸው? እንዲህ ብለው ሲነግሩኝ ቁጣዬ ላላብኝ። ያልተቀበልኩትን ነገር «እሺ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁና ፊቴን አስተካከልኩ። ፊት ማስተካከል ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የአክስቴ ልጅ ያን ሁሉ ቀን እንዴት ቻለችው? ጉንጬ ደነዘዘብኝ።

ስገባ «ምነው፣ ማን ነው?» አለችኝ።

«ጋሼ ናቸው። ስለ ወንበር ነው» አልኳት።

ድስቴን አነሳሁ። የታጠበውን ድስት መልሼ አጠብኩት። እሷ መዝሙሯን ቀጠለች። ከትፋ ስትጨርስ እወጣለሁ፣ አሞኛል ብዬ ቤቴ እቀራለሁ፣ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ እመጣለሁ እያልኩ ሳሰላ ስልኳ ምድጃው ላይ ጮኸ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አየችው፣ ፊቷ በራ።

«ወንድሜ ነው!» አለች። «‹አባዬ ቪዲዮውን አየው፣ በጣም ደስ አለው፣ መረቀሽ› ይላል።»

ያችው ቃል። ሐዋሳም አዲስ አበባም አንድ ሰው ጽፎ ያደላቸው ይመስል ያችው ቃል። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሄጄ የፊቱን በር ቆለፍኩ። ተመልሼ «ቢላዋውን ስጪኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«ስጪኝ።»

ሰጠችኝ። መዓት ያየች መሰለች። ቢላዋውን ገንዳው ውስጥ ጣልኩትና ሁለት ክንዷን ያዝኩ። ጋሼ ክንድ መያዝ ያሉት ጆሮዬ ላይ ነበር።

«አባትሽ ቪዲዮውን አላዩትም» አልኳት። «አባትሽ ዐርፈዋል።»

አልጮኸችም። ክንዷን እንደያዝኩ ተንሸራታ ምድጃው ሥር ተቀመጠች፣ እኔም አብሬያት። ስልኳን አየችው፣ መልእክቱን ደግማ አነበበችው፣ እኔን አየችኝ። እውነቱ ሲገባት በሁለት እጇ ደረቴን ገፋችኝ።

«አንቺ ማነሽ?» አለችኝ። «እህቴ ነሽ? ማን ንገሪ አለሽ? ቅዳሜን እንኳ ብታሳልፊልኝ ምን ነበረበት? አንድ ቅዳሜ! ለእሱ ብዬ እኮ ነው... ከፍቼው፣ ደስ ብሎኝ... አንዲት ቀን ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?»

ይህን አልጠበቅሁም። እኔ የተነፈግሁትን የሰጠኋት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ እኔ የምረግማትን ቅዳሜ ነው የምትለምነኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ የፈራሁት ያኔ ነው፣ እስከ አጥንቴ ድረስ። ጋሼ ልክ ሆነው ይሆን? የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለወንድሜ ያልመለስኩለትን ለመመለስ?

አለቀሰች፣ ገፋችኝ፣ ያዘችኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጠራል፣ ጋሼ ናቸው፤ አላነሳሁም። ብዙ ቆይታ፣ ድምጿ ዘግቶ፣ «መቼ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ወደ ኋላ ልትቆጥር ነው።

«ዛሬ» አልኳት። «አሁን በነጋው ሌሊት። እነሱ ጋ ገና መንጋቱ ነው።»

የምትቆጥረው ቀን አጣች። ዓይኗ ሲፈልግና ሲያጣ አየሁት።

«እንግዲያው...» አለች። «እንግዲያው አልቀበሩትም?»

«አልቀበሩም። በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

ከመሬት ተነስታ ለወንድሟ ደወለች። ሲያነሳ «ነግረውኛል፣ አትዋሸኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። ወንድሟ መጀመሪያ ማን እንደነገራት ጠየቀ፣ እኔንም ረገመኝ፤ የረገመኝን ሰማሁ፣ ደግሞም አልፈረድኩበትም። ኋላ ግን «ሲቀበር እንድታዪ ቪዲዮ እከፍትልሻለሁ» አላት። እኔም ውጭ ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አሉኝ። «አዋረድሽኝ። እሺ ብለሽኝ!»

«እሺ ማለቴ ነበር ስሕተቱ» አልኳቸው። «ሰው ከፈለጉላት አሁን ያምጡላት። ጥጉ ላይ ነን።» ዘጉብኝ።

የመዘምራን ጓደኞቿ መጡ፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ ዙሪያዋን ተቀመጡ። ቤት እንሂድ ሲሏት እምቢ አለች፤ የአባቷን ድምፅ በየቀኑ የሰማችው በዚህ ኪችን ነው፣ በቪዲዮ ልታሳያቸው የነበረውም እሱን ነው። ስልኳን ምድጃው አፍ ላይ አስደገፍነው። ሰማዩ ከተራራው በላይ ገርጣ ማለት ሲጀምር ሐዋሳ ላይ ሰዉ መቃብሩ ጋ ደርሶ ነበር።

ያኔ የጓሮው በር ተንቀሳቀሰ። ማንኳኳት የለም። እጀታው ወደ ላይ ተነሣ፣ በሩ በትከሻ ተገፋ፣ ጋሼ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔን አላዩኝም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከቧንቧው ቀድተው ልጅቷ አጠገብ አስቀመጡና ክንዷን ይዘው ቆሙ።

ምስሉ እየቆመ ይሄዳል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ሰው ሲዘምር ይሰማል፣ እሷም ከዚህ አብራ ዘመረች፣ በተዘጋ ድምጿ። ሣጥኑ ሲወርድ ወንድሟ ስልኩን ወደ ፊት አቀረበላት። አፈር ሲመለስበት «አየሁህ» አለች፣ «አባዬ፣ አየሁህ።» እኔ ወደ ማጠቢያው ዞሬ አለቀስኩ። ለእናቴ ነው ያለቀስኩት። ስትቀበር ማን አፈር እንደመለሰባት፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ የማውቀው ነገር የለም።

ቅዳሜ ማስታወቂያው አልበራም፣ ሰዉ ግን መጣ። ለመክፈቻ የተሠራው ወጥ ሁሉ ለልቅሶ ወጣ። ልጅቷ ከሰዉ መሐል ሆና አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ይቅር ብላኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ከሳምንታት በኋላ ቤቱን ከፍታለች፣ እየሠራችበት ነው፣ እየዘመረችም ነው።

ሰዉ ሲበተን ድስት ተሸክሜ ወደ መኪናዬ ስሄድ ጋሼ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ቃል አላናገሩኝም። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ድስቱን ሳላስቀምጥ ቆምኩ።

«አንቺ» አሉኝ። መሬት መሬት ያያሉ። «ወንድሜ ሰሞኑን ድምፁ ደክሞብኛል። ደህና ነኝ ይላል፣ ልጆቹም ደህና ነው ይላሉ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደህና ይሆናሉ ጋሼ።»

«እሱን ተዪው» አሉ። «የሆነ ነገር ከሰማሽ፣ ቅዳሜ እሁድ አትበዪብኝ።»